ሲሚንቶው ተገዝቷል፤ ጉብታውን የት እናድርገው?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ቂርቆስ አካባቢ ነው። በሰፈራችን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ዋናው አስፋልት ሲዘጋጋ መኪናው ሁሉ በእኛ ሰፈር ያሳብራል። ባለፈው ወር አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ለጥቂት ተረፈች። የእግረኛ መንገዱ የዲች ክዳን ስለተሰባበረ ልጆቹ የሚሄዱት በአስፋልቱ ነው። በእድራችን በኩል ገንዘብ አዋጥተን ስድስት ኩንታል ሲሚንቶ ገዝተናል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ የመኪና ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ልንሠራ ነው። ከፍታው ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን? አንድ ይበቃል ወይስ ሁለት?»

እህቴ፣ እንኳን ልጅቷ ተረፈች። የሴንቲ ሜትሩን ነገር እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንዎት። ሲሚንቶውን ለጊዜው አታቡኩት።

ጉብታ ጠልቼ አይደለም፤ የመንገድ መሐንዲስ ነኝ፣ እንጀራዬ ነው። ግን ከጻፉልኝ እንደተረዳሁት የመንገዳችሁ ችግር የሚጀምረው በሩ ላይ አይደለም። መኪናው በሩ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ያንን ፍጥነት ያገኘው ከዋናው አስፋልት ታጥፎ ሲገባ፣ መንገዱ አፍ ላይ ነው። ፊቱ ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ አየ፤ ነዳጅ ረገጠ። በሩ ጋ የምትሠሩት ጉብታ የሚያገኘው ይህን ሰው ነው፤ ያውም ከተናደደ በኋላ።

ይህን የተማርኩት በራሴ ስህተት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ላይ ጉብታ አሠራሁ። ልክ በሩ ፊት ለፊት፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በነጭ ቀለም የተሰመረ። ሁሉም አመሰገነኝ። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ተመልሼ ብቆም ልጆቹ ጉብታዬን ዜብራ አድርገውታል። ነጭ መስመር አለው፣ ከፍ ብሏል፣ በሩ ፊት ለፊት ነው፤ ምን ያድርጉ! ሾፌሩ ደግሞ ዓይኑን ጉብታው ላይ ተክሎ ጎማውን በየት በኩል እንደሚያሳልፍ ያሰላል። ልጆቹን አያይም። ገና የኋላ ጎማው ወርዶ ሳይጨርስ ነዳጅ ይረግጣል። ሐምሌ ሲገባ ባሰ። ቁልቁል የሚወርደው ጎርፍ ጉብታው ጋ ተገደበና በአንዲት እናት ግቢ በር ገባ። እማማ የተናገሩኝን እዚህ አልጽፈውም። በገዛ እጃችን በዶማ አፈረስነው።

አሁን ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ በቁጥር እንየው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ልጅ ዘላ ስትገባ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ይሄዳል። ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ ሌላ 5 ሜትር ሄዶ ይቆማል። በድምሩ 13 ሜትር። ያንኑ መኪና በ50 እንንዳው። በዚያችው አንድ ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይሄዳል። ልብ ይበሉ፤ የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ባበቃበት ቦታ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልነካም። ልጅቷ እዚያ ካለች የሚመታት ሙሉው 50 ነው። ይህ መኪና ለመቆም በጠቅላላው 28 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። ያውም ጎማው ሙልጭ ያላለ፣ ሾፌሩም ስልኩን የማይነካካ ከሆነ ነው። ቁልቁለትና የክረምት ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ሂሳቡ ሌላ ነው።

በ50 የሚሄድ መኪና ሲመታ ጉልበቱ ከ10 ሜትር ገደማ እንደ መውደቅ ነው። ከሦስተኛ ፎቅ በሉት። በ30 ሲሆን ከ3 ሜትር ተኩል እንደ መውደቅ ነው። እሱም ክፉ ነው፤ ግን ብዙውን ጊዜ ሰው ይተርፍበታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2020 በስቶክሆልም የተካሄደው ዓለም አቀፍ የመንገድ ደህንነት የሚኒስትሮች ጉባኤ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ ጣሪያው 30 ይሁን ያለው ከዚህ ዓይነት ሂሳብ ተነስቶ ነው። ልጆች ደግሞ ከእኛ ይለያሉ። የሚመጣ መኪና ምን ያህል እንደሚፈጥን መገመት ገና አልበሰለላቸውም። «ግራና ቀኝ አይተሽ ተሻገሪ» ብለን እንልካታለን። ታያለች። መኪናውን አይታ ግን ፍጥነቱን አትረዳም።

አሳባሪው ሾፌር «ቸኩዬ ነው» ሲላችሁ የምትመልሱለትም አለኝ። መንገዳችሁ 400 ሜትር ቢሆን በ50 ለማለፍ 29 ሰከንድ፣ በ30 ለማለፍ 48 ሰከንድ ይፈጃል። ልዩነቱ 19 ሰከንድ ነው። ዋናው አስፋልት ላይ አንድ ቀይ መብራት ከዚያ በላይ ያስቆመዋል።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ለኩ። ማሽን አያስፈልግም። በሜትር 50 ሜትር ለክታችሁ ሁለት ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። አንድ ሰው ስልኩን ይዞ መኪናው ከመጀመሪያው ምልክት እስከ ሁለተኛው የሚፈጅበትን ጊዜ ይያዝ። 6 ሰከንድ ከሆነ 30 ነው። 4 ሰከንድ ተኩል ከሆነ 40። 3.6 ሰከንድ ከሆነ 50። የ100 መኪና ውጤት ጻፉ፤ ከቀርፋፋው ወደ ፈጣኑ ደርድሩና 85ኛውን ተመልከቱ። ከ100 መኪና 85ቱ ከእሱ አይፈጥኑም፤ እኛ መሐንዲሶች የምናየው እሱን ነው። አማካዩ ያታልላል።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርዎት። ሁሉም የሚለካው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ግርግሩ ሲበዛ ነው። ያኔ መኪና በመኪና ላይ ተነባብሮ በእግር ፍጥነት ነው የሚሄደው። ውጤቱ «ችግር የለም» ይላል። አደገኛው ሰዓት መንገዱ ጭር ብሎ ጥቂት ልጆች ብቻ ያሉበት ነው። የግማሽ ቀን ፈረቃ ሲለቀቅ፣ ለምሳ ሲወጡ፣ ያረፈደ ልጅ ብቻውን ሲሮጥ። የእናንተዋ ልጅ በስንት ሰዓት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ግን በግርግሩ መሀል ነው ብለው ቢነግሩኝ ይገርመኛል።

ሌላም አለ። ሁለት ወጣቶች በመንገዱ ሁለት ጫፍ ይቁሙና የሚገባውንና የሚወጣውን የታርጋ የመጨረሻ ሦስት ቁጥር ከነሰዓቱ ይጻፉ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ገብቶ የወጣው አሳባሪ ነው። ገብቶ የቀረው የሰፈር ሰው ነው። በሩ ጋ ቆም ብሎ የወጣው ደግሞ ልጁን አድርሶ የሚሮጥ ወላጅ ነው። ይህችን ሦስተኛዋን ቁጥር ስትደምሩ ብዙ ጊዜ በእድር ስብሰባ ላይ ፀጥታ ይወርዳል።

ከዚያ ወደ መንገዱ አፍ ሂዱ። መታጠፊያው ጥግ ላይ ቁሙና ታክሲው እንዴት እንደሚገባ ተመልከቱ። ጥጉ በሰፊው የከበበ ከሆነ፣ ሬዲየሱ 8 ወይም 10 ሜትር ከሆነ፣ ፍጥነቱን ብዙም ሳይቀንስ ይታጠፋል። ወደ 3 ወይም 4 ሜትር ብታጠቡት መሪውን ለመጠምዘዝ ሲል ብቻ ወደ 15 ይወርዳል። ማንም አልገሰጸውም፤ ጥጉ ነው ያስገደደው። የመንገዱ አፍ 9 ሜትር ከሆነም ለምን? ሁለት መኪና ቀስ ብለው ለመተላለፍ 5 ሜትር ተኩል ይበቃቸዋል። ቀሪውን ለእግረኛ መልሱት። የሚሻገረው ልጅም 9 ሜትር ከመሻገር 5 ሜትር ተኩል ይሻገራል።

ይህን ለማድረግ ወዲያው ኮንክሪት ማፍሰስ አያስፈልግም። ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ ከዓመታት በፊት የመኪናው ቦታ በቀለምና በጊዜያዊ ማገጃ ጠቦ ለእግረኛው ሲሰጥ ያዩ አይጠፉም። የውስጥ መንገድም በዚያው መንገድ ይሞከራል። መስመር በቀለም፣ ዳሩ ላይ የላስቲክ ኮን ወይም አበባ የተተከለበት ትልቅ ገንዳ። ሁለት ወር ታዩታላችሁ። የቆሻሻ መኪናው ካልታጠፈ ገንዳውን ግማሽ ሜትር ትገፉታላችሁ። ኮንክሪት አይገፋም።

የማሳበሩን ነገር ከሥሩ ለመቁረጥ ከሁሉ የሚሻለው መንገዱን መሀል ላይ ለመኪና ዘግቶ ለእግረኛና ለብስክሌት መተው ነው። ነዋሪው ከሁለቱም ጫፍ ቤቱ ይደርሳል፤ አሳባሪው ግን መውጫ ያጣል። ሰፈሩ ሁሉ እንደማይስማማ አውቃለሁ። «ለቅሶ ቢኖር ድንኳን ጫኝ በየት ይገባል?» የሚል አይጠፋም፤ ጥሩ ጥያቄም ነው። የሚነሳ ብረት ይደረግና ቁልፉ እድሩ ጋ ይቀመጥ። ይህ ካልሆነ በአንድ አቅጣጫ ማድረግ ይቻላል። ግን ይጠንቀቁ፤ ከፊት የሚመጣ እንደሌለ ያወቀ ሾፌር የበለጠ ይፈጥናል። በአንድ አቅጣጫ ካደረጋችሁት ማጥበብም አለባችሁ።

አሁን የጠየቁኝ ጉብታ። በየሰፈሩ በሲሚንቶ የሚሠራውን ያውቁታል። ርዝመቱ (በመኪናው መሄጃ አቅጣጫ ሲለካ) ክንድ የማይሞላ፣ ከፍታው እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ እንደ ግንብ የቆመ። ይህ ሁለት ጉድ አለበት። አንደኛ፣ ዝቅ ያለች የቤት መኪና ቀስ ብላ ብትወጣበትም ሆዷን ይፍቃታል። ሁለተኛው ይገርማል። እንዲህ ያለ አጭር ጉብታ ላይ በፍጥነት የሚያልፍ መኪና ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ከሚያልፈው ያነሰ ነው የሚናጠው። ጎማው ዘሎ ይወርዳል፤ ንዝረቱን ባሌስትራው ይውጠዋል። ጉዳዩ ያልገባው ሰው ይቀጣል፤ የገባው ሚኒባስ ሾፌር ነዳጅ ይጨምራል።

እንግሊዞች ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጥንተው አንድ ቅርጽ አወጡ። ርዝመቱ 3.7 ሜትር፣ የመሀሉ ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ቀስ ብሎ ወጥቶ ቀስ ብሎ የሚወርድ። ዛሬም ብዙ አገር መነሻው ይህ ነው። እዚህ ላይ የሚፈጥን ሾፌር መላ መኪናው ከነተሳፋሪው ይነሳል፤ በ25 ወይም በ30 የሚያልፈው እምብዛም አይሰማውም። ስለዚህ መልሴ ከፍታው ከ7 ሴንቲ ሜትር ተኩል እስከ 10፣ ርዝመቱ ግን ወደ 4 ሜትር ይሁን ነው። ሰው ሁሉ ስለ ከፍታው ይጨቃጨቃል። ሥራውን የሚሠራው ርዝመቱ ነው።

አንድ ይበቃል ወይ? አይበቃም። አንድ ጉብታ የሚያቀዘቅዘው አካባቢውን ብቻ ነው። ከ60 እስከ 80 ሜትር እያራራቁ ማስከተል ያስፈልጋል። ከ100 ሜትር ካለፈ መኪናው መሀሉ ላይ ፍጥነቱን ይመልሳል። የመጀመሪያው ደግሞ ከመንገዱ አፍ ብዙ አይራቅ፤ ገና ሳይፈጥን ያግኘው። ቁልቁለቱ ከ8 በመቶ በላይ በሆነበት፣ ማለትም በ100 ሜትር ውስጥ ከ8 ሜትር በላይ በሚወርድበት ቦታ ላይ ጉብታ አይደረግም። በሁለቱም ዳር ለውሃ መውረጃ ክፍት ይተው። እማማን ያስታውሱ። የመብራት ፖል ሥር ይሁን፤ ቀለሙ በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ይታደስ። ቀለም የሌለው ጉብታ በጨለማ ለሞተር ነጂ ወጥመድ ነው። ልጅ አድናለሁ ብሎ የሰው ልጅ መግደልም አለ። የሰው መኝታ ቤት መስኮት ሥርም አይሁን። ባዶ ገልባጭ በሌሊት ሲያልፍበት የሚያሰማውን ድምፅ የሰማ ያውቀዋል።

መንገዳችሁ ኮብልስቶን ከሆነ ግማሽ ሥራው ተሠርቷል፤ ድንጋዩ ራሱ ያዘገየዋል፣ የጎማው ድምፅም ልጆቹን ያስጠነቅቃል። አስፋልት ይልበስልን ብላችሁ ማመልከቻ አስገብታችሁ ከሆነ እባካችሁ መልሳችሁ አስቡበት።

በሩ ፊት ለፊት ደግሞ ጉብታ ሳይሆን ከፍ ያለ ዜብራ ነው የሚሻለው። አናቱ ጠፍጣፋ፣ ከእግረኛው መንገድ እኩል የሆነ፣ መኪናው ወጥቶበት የሚወርድ። ልጁ ወደ አስፋልት አይወርድም፤ መኪናው ነው ወደ ልጁ ወለል የሚወጣው። እኔ ያኔ ልጆቹ በራሳቸው ያሳዩኝን ነገር በወጉ መሥራት ማለት ነው። በሩ ላይም አጭር የብረት አጥር ይቁም፤ ደወል ሲደወል በሩጫ የሚወጣው ልጅ ወደ ጎን ዞሮ እንዲወጣ።

ዜብራው ግን ካልታየ ዋጋ የለውም። አንድ ቀን ጠዋት ቆመው ይመልከቱ። «ወራጅ አለ!» ይባላል፤ ታክሲው ልክ ዜብራው አፍ ላይ ይቆማል። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ሲያወርድ አንድ ልጅ በታክሲው አፍንጫ በኩል ብቅ ይላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ቢሆን ነው። ከኋላ የነበረው መኪና ክላክስ አድርጎ ታክሲውን ደርቦ ያልፋል። ሾፌሩ ልጁን የማየት ዕድል አልነበረውም፤ ልጁም መኪናውን። ስለዚህ ከዜብራው በፊት ቢያንስ 10 ሜትር ምንም መኪና እንዳይቆም አድርጉ። በምልክት ብቻ አይሆንም፤ ምልክቱ ሥር ነው የሚያቆሙት። ድንጋይ ወይም ብረት ትከሉበት። የተማሪ ትራፊክ ካላችሁ ከልጆቹ ጎን ጎልማሳ ሰው ይኑር። የ12 ዓመት ልጅ ብቻውን ሚኒባስ አቁም ተብሎ መላክ የለበትም።

ወላጆችንም አልተዋቸውም። ልጃቸውን በሩ ሥር ካላወረዱ የማይሆንላቸው አሉ። ከበሩ 150 ሜትር ርቆ ማውረጃ ቦታ ይመረጥ፤ ሰርቪሶቹም እዚያው ያውርዱ፤ ከዚያ በእግር። ጣሊያን ውስጥ ቦልዛኖ የምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ትምህርት ቤት ያለበትን መንገድ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ለመኪና ትዘጋለች። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በ«መንገድ ለሰው» ቀን ሰፋፊው አስፋልት ተዘግቶ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት አይተናል። ጠዋት 30 ደቂቃ፣ ማታ 30 ደቂቃ የሰፈር መንገድ መዝጋት ከዚያ አይከብድም።

ያለ ፈቃድ ግን ምንም አትሥሩ። መንገድ የሕዝብ ነው ማለት የፈለገ ይሠራበታል ማለት አይደለም። በእናንተ ጉብታ ሞተረኛ ቢወድቅ ጠያቂው ወደ እድሩ ነው የሚመጣው። ከወረዳው ጀምሩ፤ ጉዳዩ ግን የሚያልቀው ትራፊክ ማኔጅመንት ባለሥልጣን ጋ ነው። ደብዳቤው አንድ ገጽ ይሁን። የ100 መኪናው ውጤት፣ የታርጋው ቆጠራ፣ በእጅ የተሣለ ንድፍ፣ የትምህርት ቤቱ ማህተም፣ የነዋሪው ፊርማ። «ልጆቻችን አለቁ» የሚል ደብዳቤ በየቀኑ ይገባል። «ከ100 መኪና 61ዱ ከ40 በላይ ነው» የሚል ደብዳቤ ግን ለአለቃ ይመራል። ቁጥሩን ለምሳሌ ነው ያልኩት፤ የራሳችሁን አስገቡ።

ፈቃዱ እስኪመጣ ስድስቱ ኩንታል ሥራ አያጣም። የተሰባበረውን የዲች ክዳን ሥሩበት። እሱንም ለወረዳው አሳውቁና ነው፤ ግን ክዳን ለመጠገን ብዙ የሚያስቸግራችሁ አይመስለኝም። ባለ ብረት ክዳን፣ እያንዳንዱ ሁለት ሰው የሚያነሳው፣ ለማጽዳት እንዲከፈት ጆሮ ያለው። ከመንገዱ አፍ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ባለው በኩል ጀምሩ። ብቻ አትቆዩ። መጋዘኑ እርጥበት ካለው ሲሚንቶው ሰኔ ሳይደርስ ድንጋይ ይሆንባችኋል።